በራ ማለት ተገናኘ ማለት አይደለም

ባለፈው ጥር አንኮበር ነበርኩ። ጥር ደግሞ የጥምቀትና የሠርግ ወር ነው፤ ለቪዲዮ ቀራጭ መኸሩ ነው። የአክስቴ ልጅ ጎረቤላ ውስጥ ትንሽ የቪዲዮ ቤት አለችው። ቀን ሠርግ ይቀርጻል፣ ሌሊት ያቀናብራል። የአንኮበርን ብርድ ያላየ ሰው አይገባውም እንጂ፣ ልጁ ኮምፒውተሩን ሬንደር ላይ ጥዶ አጠገቡ ነው የሚተኛው። ማሽኑ ሲሠራ ያድራል፣ እሱ ሲሞቅ ያድራል። አንድም ሥራ፣ አንድም ምድጃ።

አንድ ሌሊት ግን ሙቀቱ ከልኩ አለፈ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከእንቅልፉ አባነነው። እየተደናበረ ስፒናውን ከግድግዳው ነቀለ። መጋረጃው ከኬዙ አንድ ክንድ አይርቅም። ቤቱ እንዴት እንዳልተያያዘ አክስቴን ብትጠይቋት «ኪዳነ ምሕረት ናት» ትላችኋለች፤ እኔም አልከራከራትም።

ጠዋት ስደርስ ማሽኑ በድን ሆኗል።

«ምን ነካው?»

«መብራት ኃይል ነዋ! ሄዶ ሲመጣ አቃጠለብኝ።»

ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ጉዳዩ ተዘጋ! በእኛ አገር መብራት ኃይል የተከሰሰበት ክስ ይግባኝ የለውም።

እኔ ግን ነገረኛ ነኝ። ካቻቢቴ ለምኜ ኬዙን ከፈትኩት። ካርዱ ላይ የቃጠሎ ምልክት የለም። ማዘርቦርዱ ንጹሕ ነው። ፓወር ሰፕላዩም ለብቻው ሲሞከር ይነሣል። የቀለጠችው አንዲት የጣት ያህል አዳፕተር ናት፦ ለሃርድ ዲስክ የተሠራውን ጠፍጣፋ የሳታ ማያያዣ ወደ ግራፊክስ ካርድ ስድስት ፒን የምትቀይር። ፕላስቲኳ እንደ ሻማ ፈስሶ ጠቁሯል። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ያገለገለ ካርድ ገዝቶ ባስገጠመበት ጥገና ቤት የተሰካችለት ናት። ስልክ ደወልኩ።

«ወንድሜ፣ ካርዱን በሃርድ ዲስክ ገመድ ለምን ሰካኸው?»

«ፓወር ሰፕላዩ የካርድ ገመድ የለውማ፣ እህቴ።»

«ታዲያ የሌለውን ለምን ፈጠርክለት?»

«ሲወስደው እኮ ይሠራ ነበር!»

ይሠራ ነበር። የዛሬው ጠቤ ከዚች ቃል ጋር ነው።

እስኪ ልብ በሉ። እኛ ዘንድ ኤሌክትሪክ ነክ ነገር የሚፈተነው በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ በራ ወይስ አልበራም? ከበራ ተገናኝቷል፤ ከተገናኘ ሒሳብ ይከፈላል። ቧንቧ የሚገጥም ሰው እንኳ ውኃው ስለወጣለት ብቻ ዕቃውን ሰብስቦ አይሄድም፤ መጋጠሚያው ያንጠባጥባል ወይ ብሎ ጎንበስ ይላል። ኤሌክትሪክ ሲያንጠባጥብ ግን በዓይን አይታይም። ሙቀት ሆኖ ነው የሚያንጠባጥበው። ዛሬ ይሞቃል፣ ነገ ይለሰልሳል፣ በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ይቀልጣል። እስከዚያች ሌሊት ድረስ ግን «ይሠራል»።

ነገሩ እንዲገባን ስለ ምጣድ እናውራ። አዎ፣ ስለ እንጀራ ምጣድ! እናቶቻችን ፊዚክስ ባይማሩም አንድ ነገር አሳምረው ያውቃሉ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ በቀጭን ማከፋፈያ አይሰካም። የሰካ ሰው ስፒናው ሲቀልጥ አይቷል። ለምን ይቀልጣል? 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ በገመዱ ውስጥ 16 አምፔር ገደማ ያልፋል። ገመድና ማያያዣን የሚያሞቀው ደግሞ ይኸው አምፔር ነው።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንመለስ። ግራፊክስ ካርድ የሚሠራው በ220 ሳይሆን ፓወር ሰፕላዩ አውርዶ በሚሰጠው 12 ቮልት ነው። ቮልቱ ሲያንስ ያንኑ ዋት ለማድረስ አምፔሩ መብዛት አለበት። ስለዚህ 150 ዋት በ12 ቮልት 12 ተኩል አምፔር ይሆናል። ከምጣዱ ብዙም አይርቅ! የዛሬዎቹ ግዙፍ ካርዶች ደግሞ በአንዲት ማያያዣ እስከ 600 ዋት ይቀበላሉ፤ 50 አምፔር ማለት ነው። የሦስት ምጣድ ጅረት አውራ ጣት በምታህል ፕላስቲክ ውስጥ! ለምጣዷ ለብቻዋ ወፍራም ገመድ ያስዘረጋ ቤተሰብ ይህችን ግን «ዝም ብለህ ሰካት» ይላል። 12 ቮልት ስለማይነዝር እንንቀዋለን። አይነዝርም፤ ያቃጥላል።

ሌላም አለ። ሙቀቱ የሚያድገው በአምፔሩ ልክ አይደለም፣ በአምፔሩ ካሬ ነው። ስድስት ሽቦ እንዲከፋፈሉት የታሰበ ጭነት፣ ሁለቱ በደንብ ሳይገቡ ቀርተው በአራቱ ላይ ቢወድቅ፣ በእያንዳንዱ የሚያልፈው አንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሲሆን ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ያበራል፣ ሬንደሩ ይቀጥላል። መሥራቱ የደህንነቱ ማስረጃ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

የካርድ ገመድ ሒሳብ ደግሞ ከስልክ ካርድ ሒሳብ አይከብድም። ካርዱ የሚቀመጥበት የማዘርቦርዱ ቀዳዳ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ባለ ስድስት ፒን ገመድ 75 ይጨምራል። ባለ ስምንት ፒን 150 ይጨምራል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ሁለት ወይም ሦስት ገመድ ይሰካለታል። የሳታ ማያያዣ ግን የተሠራው ለሃርድ ዲስክ ነው፤ ለ12 ቮልት የተመደቡለት ሦስት ቀጫጭን ፒኖች እያንዳንዳቸው አንድ ተኩል አምፔር ይችላሉ። ድምሩ 54 ዋት። እንግዲህ ካርዱ 75 የመጠየቅ መብት ባለው መንገድ ላይ 54 ብቻ የሚሸከም ድልድይ ዘረጋንለት። ያቺ አዳፕተር ለካርዱ «75 አለልህ» ብላ ትዋሻለች። ካርዱም ያምናታል።

«አንቺ ልጅ፣ እኛ ድሀ ነን፤ ባለን ነው የምንሠራው» የሚለኝ አይጠፋም። ይህን ክርክር አከብረዋለሁ። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ትክክለኛው ገመድ ለብቻው አይገዛም፤ ከፓወር ሰፕላዩ ጋር ነው የሚመጣው። ፓወር ሰፕላዩ የካርድ ገመድ ከሌለው «ይህን ጭነት አልችልም» ማለቱ ነው። አዳፕተሯ ያደረገችው አፉን መዝጋት ነው። ደግሞስ ድሀ ሰው አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ መግዛት ይችላል? ሀብታም ካርዱ ቢቃጠልበት ሌላ ያዛል። የአክስቴ ልጅ ያቺን ያገለገለች ካርድ የገዛው የአንድ ሙሉ የሠርግ ወቅት ገቢውን አፍስሶ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጥንቃቄ ቅንጦት አይባልም፤ ያለው ብቸኛ ኢንሹራንስ እሱ ነው።

«መብራቱስ?» ትሉኝ ይሆናል። መብራቱ ምንም አያጠፋም አላልኩም። የሚወጣና የሚወርድ ቮልት ዕቃ ይጎዳል፤ ስታብላይዘርና ዩፒኤስ የሚገዛውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን ከግድግዳው የሚመጣ ጉዳት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኘው ግድግዳው ላይ የተሰካውን ፓወር ሰፕላይ ነው። እሱ ደህና ሆኖ ከሱ በታች ያለች አንዲት ማያያዣ ብቻዋን ከቀለጠች፣ ጥፋተኛውን ፍለጋ ከቤት መውጣት አያስፈልግም።

የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመረቀ፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከጉባ የተነሣ ኃይል ተራራና ቆላ አቋርጦ፣ በስንትና ስንት ትራንስፎርመር ውስጥ አልፎ ወደ አገሪቱ መረብ ይገባል። በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ እያንዳንዷን መጋጠሚያ መሐንዲስ አስቦባታል። በእኛ እጅ የቀረችው የመጨረሻዋ አምስት ሳንቲ ሜትር ናት። እሷን በ«ይሠራል» እናቃጥልና ጉባን እንከሳለን!

ፈረንጆቹስ? እነሱም ቀልጦባቸዋል፤ ያውም ክፉኛ። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ በጥቅምት 2022 ባለ 1,599 ዶላሩን አርቲኤክስ 4090 ካርድ ገበያ ባወጣ ሰሞን የቀለጡ ማያያዣዎች ፎቶ መታየት ጀመረ። ኩባንያው በኅዳር ወር በዓለም ዙሪያ 50 ያህል ጉዳዮች እንደደረሱትና በብዛት የታየው ችግር ማያያዣው እስከ መጨረሻው አለመግባቱ መሆኑን ተናገረ። ልብ አድርጉ፤ ያልገባ ማያያዣ ይዘው እየሠሩ ነበር! እ.ኤ.አ በየካቲት 2024 ደግሞ ኬብልሞድ የተባለው ድርጅት የታጠፈ አፍ ያላቸውን አዳፕተሮቹን፣ በአሜሪካ ብቻ 25,300 ያህሉን፣ ይሞቃሉ ተብሎ እንዲመለሱ አደረገ። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛ ድህነት ብቻ አይደለም።

ልዩነቱ ከዚያ በኋላ በሆነው ላይ ነው። የማያያዣውን ደረጃ የሚያወጡት ሰዎች እ.ኤ.አ በ2023 ዲዛይኑን ከለሱት። ምልክት የሚሰጡትን ትንንሽ ፒኖች አሳጠሯቸው፤ ኃይል የሚያስተላልፉትን አስረዘሟቸው። አሁን ማያያዣው ወደ ውስጥ ጠልቆ ካልገባ ትንንሾቹ ፒኖች አይነካኩም፤ ካልተነካኩ ካርዱ ኃይል አይስብም። በሌላ አነጋገር፣ «በራ» እና «ተገናኘ» አንድ ነገር እንዲሆኑ ጣሩ። ይህም ሆኖ ችግሩ ጨርሶ አልጠፋም፤ እ.ኤ.አ በ2025 በወጣውና 575 ዋት በሚስበው አርቲኤክስ 5090 ላይም የቀለጡ ማያያዣዎች ታይተዋል። ያን ያህል አምፔር በዚያች ጠባብ አፍ ማሳለፍ ራሱ ያስጠይቃል፤ ጥፋቱን ሁሉ በተጠቃሚው ላይ መለጠፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። ቢሆንም እነሱ «ሲወስደው ይሠራ ነበር» ብለው አልተቀመጡም። የቀለጠውን ከፍተው አዩ፤ ለክተው ጻፉ።

አንኮበር ቆሜ ይህን ሳስብ አንድ የሚያበግነኝ ተረት ትዝ ይለኛል። «ምኒልክ ሰው የሚገደልበትን የኤሌክትሪክ ወንበር ከአሜሪካ አዘዙ፤ ወንበሩ ሲመጣ አገሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የለም፤ ዙፋን አደረጉት» የሚል። ፈረንጅ ሲሳሳቅበት የኖረ ወሬ ነው፤ ማስረጃ ግን የለውም። በማስረጃ የሚታወቀው ታሪክ ሌላ ነው። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ በ1879 የመጣው እዚሁ አንኮበር፣ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ወደነበሩት ምኒልክ ዘንድ ነው። ንጉሡ ዕቃ ብቻ አላስመጡም፤ ዕቃውን የሚያውቅ ሰው አስመጡ።

እኛስ? ዕቃውን እናስመጣለን፤ የሚያውቀውን ሰው እንንቃለን። ለካርዱ አርባ ሺህ ብር ሳንከራከር እንከፍልና፣ በትክክል ለመግጠም አንድ ሰዓት የሚጠይቀንን ልጅ «ለአምስት ደቂቃ ሥራ?» ብለን እንጣላዋለን። እሱም በአምስት ደቂቃ ይገጥመዋል። ጥፋቱ የጥገና ልጆች ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። በችኮላና በርካሽ አስገጥመን የገዛነው «ይሠራል»ን ነው። ስለ ወንበሩ ተረት ውሸት ነው ብለን እንሟገታለን፤ ማታ ደግሞ ካርዱን በሃርድ ዲስክ ገመድ ሰክተን አጠገቡ እንተኛለን!

«ዩቲዩብ ላይ አለ» አትበሉኝ። ያለው በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱም ኢንተርኔት ሲኖር። በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ዩቲዩብ የሚባል አስተማሪ ለወራት አልነበረም። ስለዚህ በአማርኛ፣ አትማችሁ ኬዝ ላይ ልትለጥፉት እንድትችሉ፣ እንካችሁ።

አንድ፦ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት የፓወር ሰፕላዩን መለያ አንብቡ። በትልቁ የተጻፈውን «700» አትመኑ። የ12 ቮልቱን አምፔር ፈልጉና በ12 አባዙት። 20 አምፔር ካገኛችሁ ለካርዱም ለፕሮሰሰሩም ያላችሁ 240 ዋት ነው፤ 700ው ጌጥ ነው።

ሁለት፦ ከመንካታችሁ በፊት አጥፉ፣ ስፒናውን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ጫኑ፤ የቀረው ኃይል ይውጣ። የኬዙን ብረት ንኩ፤ በሰውነታችሁ ያለው ኤሌክትሪክ ወደ ካርዱ እንዳይሄድ። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን አትክፈቱ፤ ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚጎዳ ኃይል ውስጡ ሊቆይ ይችላል።

ሦስት፦ የማይገባ ነገር አይገፋም። የፕሮሰሰሩና የካርዱ ባለ ስምንት ፒን ገመዶች ይመሳሰላሉ፤ የ12 ቮልቱና የመመለሻው ቦታ ግን ተገላቢጦሽ ነው። የካርዱ አብዛኛውን ጊዜ ስድስትና ሁለት ሆኖ ይከፈላል፣ የፕሮሰሰሩ አራትና አራት። የፒኖቹ ቅርጽ የተለያየው ሰው እንዳይሳሳት ነው። ቅርጹን በቢላ ጠርቦ ማስገባት ጥበብ አይደለም፤ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ መፋቅ ነው።

አራት፦ ገመዱ ከፓወር ሰፕላዩም ላይ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ ከሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ አትዋሱ። በካርዱ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ደረጃ አለው፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለውን ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደፈቀደው ያሰልፈዋል። ይገባል፣ ሽቦው ግን ሌላ ቦታ ነው የሚደርሰው።

አምስት፦ ሁለት አፍ ላለው ካርድ ለየብቻቸው የተነሡ ሁለት ገመዶች ስጡት። ከአንድ ገመድ ጫፍ ላይ ሁለተኛ ራስ የተቀጠለበትን ለትልቅ ካርድ አትጠቀሙ፤ የሁለቱን ሸክም አንዱ ይሸከማል። የሳታ አዳፕተር ደግሞ በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

ስድስት፦ «ጠቅ» እስኪል ግፉት። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ ከወጣ መጀመሪያውንም አልገባም ነበር። ክፍተት አለመኖሩን በስልካችሁ መብራት እዩ። አዲሱን ባለ 16 ፒን ገመድ ከአፉ ሥር አትጠፉት፤ ቢያንስ ሦስት ተኩል ሳንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ ይውጣ።

ሰባት፦ ኬዙን ስትነኩ ትንሽ የሚነዝራችሁ ከሆነ አርዝ የምንለው የመሬት መስመር የላችሁም ማለት ነው። ወይ ማከፋፈያው ባለ ሁለት ሽቦ ነው፣ ወይ የግድግዳው ሶኬት አርዝ አልተዘረጋለትም። «ዴስክቶፕ ልማዱ ነው» የሚላችሁን አትስሙ። ኤሌክትሪሽያን ጥሩ።

ስምንት፦ ከበራ በኋላ ሥራው አላለቀም! ከባድ ሥራ ሰጥታችሁ አንድ ሰዓት አጠገቡ ተቀመጡ። የማያያዣውን ፕላስቲክ ከውጭ በጣት ዳብሱ፣ አሽትቱ። የሚፋጅ ወይም የሚሸት ከሆነ አጥፉ። የመጀመሪያውን ሌሊት ደግሞ ተኝታችሁ አትፈትኑት።

ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓትና ትንሽ ትዕግሥት ነው። የጥገና ቤት ልጆች፣ እናንተም ይህን ግማሽ ሰዓት በድፍረት አስከፍሉን። «ፓወር ሰፕላይህ አይችልም፤ አልገጥምልህም» ብሎ ደንበኛ የሚመልስ ልጅ ባገኝ እኔ ራሴ ስሙን እየጠራሁ ሰፈር ለሰፈር አስተዋውቀዋለሁ። እኛም ደንበኞች «በራ?» ብለን መጠየቅ እንተው። «ክፈተውና አሳየኝ» እንበል።

የአክስቴ ልጅ አሁን ገመዱ አብሮት የመጣ ፓወር ሰፕላይ ገዝቷል፤ ተበድሮ ነው። ካርዷ ድናለች። ማሽኑን ከመጋረጃው አርቆታል፤ እሱም ከማሽኑ ርቆ፣ ጋቢውን ደርቦ መተኛት ጀምሯል። ሃርድ ዲስኩ ግን ከአዳፕተሯ ጋር በአንድ ገመድ ላይ ስለነበር አብሯት ሄደ። ከሦስት ሠርጎች የሁለቱን ቅጂ ሌላ ቦታ አገኘው። የሦስተኛዋን ሙሽራ ቀረጻ ግን ካሜራው ውስጥ ለቀጣዩ ሠርግ ቦታ ለማስለቀቅ አጥፍቶት ነበር። የለም።

ልጅቷ ስትመጣ እኔም ነበርኩ። ባለቤቷም እናቷም አብረው መጥተዋል። የአክስቴ ልጅ አንገቱን ደፍቶ «መብራት...» ብሎ ጀመረ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ዝም አለ፤ ቀጥሎም «በትክክል ሳላስገጥም ቀርቼ ነው፤ የኔ ጥፋት ነው» አላት። ገንዘቧን መለሰላት። ገንዘቡን ስትቀበል ያለቀሰችውን ለቅሶ ግን እኔ ልጽፈው አልችልም።

ለሷ «ሲወስደው ይሠራ ነበር» ብሎ የሚያስረዳላት ካለ፣ ጎረቤላ ድረስ አብሬው እሄዳለሁ።

ቸር እንሰንብት።